ከሥራ የቀደመ ሙገሳ

ሰውን ከሥራው በፊት ማወደስ ለእርሱ ስጦታ ነው ወይስ ዕዳ? ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲመረጡ ምስላቸው በየካናቴራው ታትሞ ዓለምን አዳረሰ። ጁን 4 ቀን 2009 በካይሮ ዩኒቨርሲቲ «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። ሥልጣን በያዙ ዘጠኝ ወር ሳይሞላቸው የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸላሚ ተባሉ። ዲሴምበር 1 ቀን ግን 30,000 ተጨማሪ ወታደር ወደ አፍጋኒስታን እንደሚልኩ አስታወቁ፤ በዘጠነኛው ቀን ኦስሎ ላይ ሽልማቱን ተቀበሉ።

እኔ የምጠይቀው አጨብጫቢውን ነው። አስቀድሞ ያወደሰ አንደበት በኋላ «ለምን?» ለማለት ያፍራል፤ መሪውም ጠያቂ ያጣል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሙገሳን በብድር ከመስጠት ሥራውን አይቶ መመስከር ይሻላል። ለእርሱም ሸክሙ ይቀላል፤ የእኛም አንደበት አይታሰርም።