በከራው

ከነጩ ወገን አንዱ ግንብ ጠፍቷል። መቼ እንደጠፋ አላስታውስም። የልጅ ልጄ በዳዴ ዘመኑ ይዞት ሄዶ ይሆናል፤ ወይም ከሶፋው ሥር ገብቶ ከአቧራ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል። በእሱ ቦታ የቆመው ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ያወጣችልን ባዶ የክር በከራ ነው። ቁመቱ ልክ ነው፣ ታችም ላይም ሰፋ ያለ ነው፤ እንዲያውም ከፕላስቲኩ ባልንጀራው ይልቅ ረግቶ ይቆማል። መጀመሪያ ሰሞን «ይቺ ግንብ ናት፣ እሺ?» እየተባባልን እናስታውስ ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጦ ደህናዎቹን ግንቦች ሁሉ «በከራ» ማለት ጀምረናል። «በከራህን ጠብቅ፣ መምህር!» ይለኛል ሻምበል፣ ሊበላብኝ እጁን ካነሳ በኋላ።

እኔ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሻምበል አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ነው፤ ማዕረጉን መንግሥት ከረሳው ቆይቷል፣ ሰፈሩ ግን አልረሳውም። ማክሰኞ እኔ ቤት፣ ቅዳሜ እሱ በረንዳ ላይ እንጫወታለን። ሰዓት የለንም። የቼዝ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ያ ሁለት ፊት ያለው፣ በተጫወቱ ቁጥር አናቱን የሚመቱት። የእኛን ጊዜ የሚቆጥርልን ቡና ነው። አቦል ሲቀዳ ወታደሮች ወጣ ወጣ ይላሉ። ቶና ላይ መበላላት ይጀመራል። በረካ ሲደርስ አንዳችን ንጉሣችንን ይዘን ከጥግ ጥግ እንሮጣለን።

ቼዝ ስጫወት 40 ዓመት አልፎኛል። እውነቱን ለመናገር፣ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ የቀረው 39 ዓመት እሱኑ እየረሱ ማስታወስ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ፣ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ በተሠመረ ሰሌዳ ተማርኩት። ያኔ እንዲህ ቀላል ሰው አልነበርኩም። ስሸነፍ እራት አልበላም ነበር። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያው ላይ 64 ካሬ እየሣልኩ «ፈረሱን እዚያ ባላስገባው ኖሮ…» ስል ይነጋል። ከሩሲያ የመጣ የመክፈቻ መጽሐፍ ተውሼ፣ ቋንቋውን ሳላውቅ፣ ሥዕሉን ብቻ እያየሁ ስንቱን አሰላለፍ በቃሌ ይዣለሁ! ተጋጣሚዬ ግን አንድም ቀን መጽሐፉ እንደሚለው ተጫውቶልኝ አያውቅም። መጽሐፉን አላነበበማ።

ያ ቁጭት መቼ እንደተወኝ በትክክል አላውቅም። ጡረታ በወጣሁበት ቀን እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ በዚያ ቀንማ እንኳን ሽንፈት ሽኝትም አላስደሰተኝም።

የልጅ ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በስልኩ ይጫወታል፤ አንዱ ጨዋታ 3 ደቂቃ ነው፣ ቡና ለመቁላት እንኳ አይበቃም። አንድ ቀን «አባባ፣ ሬቲንግህ ስንት ነው?» አለኝ። የለኝም አልኩት። ስም የሌለው ሰው ያየ ይመስል አዘነልኝ። ይህን ሬቲንግ የሚሉትን ቁጥር የቀመሩት አርፓድ ኤሎ የተባሉ፣ ሃንጋሪ ተወልደው አሜሪካ ውስጥ ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ፊዴ የሚባለው የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀብሎ ሥራ ላይ አዋለው። የሒሳብ ሰው ነኝና ስሌቱን አደንቃለሁ፤ በሁለት ተጫዋቾች መካከል የ200 ነጥብ ልዩነት ካለ፣ ከአራት ጨዋታ ጠንካራው ሦስቱን ያህል እንደሚወስድ ይተነብያል። የእኔና የሻምበል ልዩነት ቢሰላ ዜሮ የሚመጣ ይመስለኛል። እሱ በዚህ ሳምንት ይሳሳታል፣ እኔ በሚቀጥለው።

ልጁ በዚህ አላበቃም። አንድ ማክሰኞ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ጨዋታችንን እርምጃ በእርምጃ ስልኩ ውስጥ አስገባና አስመረመረው። ስልኩ በቀይ መለሰው። እዚህ ላይ ስህተት፣ እዚያ ላይ ስህተት፣ ትልልቆቹ ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት የጥያቄ ምልክት። ከ30 ዓመት በላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የሰው ልጅ ደብተር ላይ ስሠይፍ የኖርኩ ሰው፣ በእርጅናዬ በገዛ ቤቴ ቀይ ተሠመረብኝ! ተማሪዎቼ ቢሰሙ ድግስ ይደግሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ጋሪ ካስፓሮቭን ለማሸነፍ ቁም ሣጥን የሚያካክል ኮምፒውተር አስፈልጎ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ የበረታው በልጅ ኪስ ውስጥ ከከረሜላ ጋር ይዞራል። የሻምበል ዕጣ ከእኔ የባሰ ነበር። ፈረሱን መሥዋዕት ያደረገበትን፣ ለሰፈር ሁሉ የነገረውን እርምጃ ስልኩ ሁለት የጥያቄ ምልክት ሰጠው። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየው። «ሁለት ጥያቄ?» አለ፤ «እኔ በአገልግሎት ዘመኔ አንድ ጥያቄ እንኳ ሲቀርብብኝ የምመልሰው በጽሑፍ ነበር።»

ፈረሱን ግን ዛሬም ይሠዋል።

ሒሳብ ሳስተምር «ሰንጠረዥ» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደጠራሁት አይቆጠርም። የማባዣ ሰንጠረዥ፣ በሰንጠረዡ ላይ የተሰጠውን መረጃ በመጠቀም፣ ሰንጠረዡን አሟሉ። ረድፍና ዓምድ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም ያለው አይመስለኝም ነበር። ቃሉ የጨዋታ ስም መሆኑን የሰማሁት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። ሕንዶች ቻቱራንጋ ያሉት፣ ፋርሶችና ዐረቦች ሸጥረንጅ ያደረጉት፣ እኛ ዘንድ ሰንጠረዥ ሆኖ የኖረው ያው ቼዝ ነው። ጨዋታው ሲረሳ ሰሌዳው ቀረ፤ ሰሌዳውም ትምህርት ቤት ገብቶ ቁጥር መሙያ ሆነ። ያን ሁሉ ዘመን ለካ ልጆቹን ሰሌዳ ላይ አስቀምጬ ጨዋታውን ሳልነግራቸው ነው የኖርኩት! አንዲት ነገር ብቻ አድርጌያለሁ። ስለ ርቢ ሳስተምር ያችን የጥንት ተረት እነግራቸዋለሁ፤ በመጀመሪያው ካሬ አንድ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት እያለ የሚሄደውን። ሌላው ዓለም በስንዴ ይናገረዋል፣ እኔ በጤፍ። 64ኛው ካሬ ሲሞላ ድምሩ 18,446,744,073,709,551,615 ፍሬ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዱ «መምህር፣ እንክርዳዱ ተለቅሞ ነው?» ብሎ ክፍሉን በትኖብኛል።

ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ጥናት አሳትመው ነበር። እሱን ካነበብኩ ወዲህ የራሴ ጨዋታ ሌላ መስሎ ይታየኛል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱት ነበር ይባላል። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ የሰንጠረዥ ሰው ነበሩ፤ እቴጌ ጣይቱም ከበገናቸው ሌላ ይህን ያውቁ ነበር። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ አንድ ቀለም ያለው ጨርቅ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ፣ ላዩ ላይ መስመር ብቻ። ዛሬ ሰሌዳውን ከዳር ዳር የምታስሰው ንግሥት ያኔ አልነበረችም፤ በቦታዋ ፈርዝ የሚባል በሰያፍ አንዲት ካሬ ብቻ የሚራመድ ሹም ነበር። ፊል፣ ዝሆኑ ማለት ነው፣ በሰያፍ አንዱን ዘልሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። ሁሉም ነገር ዝግ ያለ ነው። የሽማግሌ ጉልበት የተሰጣቸው ጓዶች።

ከሁሉ የገረመኝ አጀማመሩ ነው። ተራ የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ እጅ በእጅ ላይ እየተደራረበ፣ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለዋውጣል፤ የመጀመሪያው ጓድ እስኪበላ ድረስ እንዲያ ነው፣ ተራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የመክፈቻ ግርግር ስሙ ወረራ ነው። ሰንጠረዥ እየተዳከመ ሄዶ የተረሳው ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ወዲህ መሆኑን ሳስብ፣ ቃሉ አፌ ላይ ትንሽ ይከብደኛል።

አንድ ቅዳሜ ሞከርነው። «ወረራ!» አልኩና ጀመርን። የሁለት ጡረተኛ አራት እጅ አንድ ሰሌዳ ላይ ተርመሰመሰ። እኔ ፈረስ ሳወጣ እሱ ወታደር ይገፋል፣ እሱ የገፋውን አይቼ ስመልስ እሱም ይመልሳል፤ በመሐል አንድ ጓድ ተገፍቶ ከበረንዳው ወደቀና ዶሮ ተደናግጣ ሸሸች። የሻምበል ባለቤት ከጓዳ ብቅ ብላ «ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አለች። መልስ የሚሰጣት አልነበረም፣ ሁለታችንም በሳቅ ትንፋሽ አጥሮናል። ያን ቀን ማን እንዳሸነፈ ፈጽሞ አላስታውስም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በዘመናዊው ቼዝ ማሸነፍ ማሸነፍ ነው። ንጉሡን በምንም ዝጋው፣ አንድ ነጥብ ነው። በድሮው ሰንጠረዥ ግን በምን እንደዘጋኸው ይጠየቃል። በግንብ ወይም በፈረስ መዝጋት ብዙም አያስመሰግንም፤ ጉልበት ያለው በጉልበቱ አሸነፈ፣ ምን ይደንቃል? በፊልና በፈርዝ፣ በወታደር፣ በእነዚያ አቅመ ቢሶች የዘጋ ግን ይወደሳል። በዙሪያው የተቀመጠውም ዝም ብሎ አያይም፣ ይመክራል፣ ይከራከራል፣ ይቀልዳል። በቴሌቪዥን የማየው የዛሬው ውድድር ግን ጸጥታው ቅዳሴ ያስንቃል፤ አንዱ ቢያስነጥስ ዳኛ ይመጣል። እኔ እንኳን ሳልናገር፣ ሳላንጎራጉር አንድ ወታደር መግፋት አልችልም። ወዲያ ማዶ ያለው ባለ ሱቅ ደንበኛ ሲያጣ መጥቶ ከኋላዬ ይቆማል፤ ቼዝ አይችልም፣ ዳማ ነው የሚችለው፣ እሱንም በቆርኪ። ይሁንና «ጋሼ፣ ለምን ዘልለው አይበሉትም?» ከማለት አርፎ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ያህል እሱን ሰምቼ ተሸንፌያለሁ። አልተቀየምኩትም።

እናም እኔና ሻምበል፣ ማንም ሳያስገድደን፣ ያችን የድሮ ደንብ በአዲሱ ጨዋታ ላይ ጨመርናት። በንግሥት ወይም በበከራ የዘጋ፣ ዘጋ፤ ይጻፍለታል፣ ምስጋና ግን የለውም። በወታደር የዘጋ ቡናው ላይ ምርቃት አለው፤ ተሸናፊው ተነስቶ ይመርቀዋል። ከዚህ በኋላ አጨዋወታችን ተበላሸ፤ ስልኩ ቢያየው በቀይ ያጥለቀልቀው ነበር። ያለቀለትን ንጉሥ ሜዳ ለሜዳ እያንገላታን፣ አንዲት ወታደር እስክትደርስ እንጠብቃለን። በመሐል ያመልጣል። በመሐል እንዲያውም ተገልብጦ ያሸንፋል። ወታደር ንጉሥ መዝጋት የሚያስችላት ቦታ ላይ እስክትቆም ስንት ነገር መሟላት እንዳለበት የሚያውቀው የሞከረ ነው፤ በዚህ ሁለት ዓመት ውስጥ እኔ ሦስት ጊዜ ተሳክቶልኛል፣ ሻምበል አራት ጊዜ ነው ይላል። አንዱ አጠያያቂ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ዝናብ ስለነበር በረንዳው ላይ ወንበራችንን ወደ ግድግዳው አስጠግተን ተቀመጥን። ነጩ የእሱ ነበር። ቶናው ገና ሳይነሳ ንጉሤ ጥግ ገብቶ፣ በገዛ ወታደሮቼ ታጥሮ ቀረ። አየሁት። በከራውን ወደ መጨረሻው ረድፍ ቢያወጣው አለቀ፣ አንድ እርምጃ ነው። እሱም እንዳየው አየሁ፤ ማንጎራጎሩን አቆመ። እጁ ሄዶ የበከራው አናት ላይ አረፈ። ቆየ። ጣቱ በከራውን ባለበት ትንሽ አሽከረከረው፣ ክር እንደሚጠቀልል ሰው። ከዚያ እጁን መለሰና ወዲያ ዳር ላይ ተረስታ የከረመች ወታደር አንድ እርምጃ ገፋ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«አንተ ዝም ብለህ ሽሽ» አለኝ።

ሸሸሁ። ውሃው ከቆርቆሮው ጠርዝ ይወርዳል፣ ባለቤቱ ጀበናውን ለሦስተኛ ጊዜ ጥዳለች። ወታደሯ ገና ሦስት እርምጃ ይቀራታል።