ቁጥር የተሰጠው ድንጋይ

ቦርሳዬን ትራስ አድርጌ ከካይሮ እስከ አስዋን ሌሊቱን ሙሉ በባቡር ተጓዝኩ። ከዚያ በመኪና አቡ ሲምበል ደረስኩና አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ቤተ መቅደሱን የናስር ሐይቅ እንዳይውጠው ብለው ከ1964 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ቆራርጠው፣ ለየድንጋዩ ቁጥር ሰጥተው፣ 65 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው መልሰው ገጠሙት። እኛም ሰርቨር ስናዛውር አንድ ፋይል እንዳይጎድል እንዲሁ ነው የምንቆጥረው።

በዚያው ግድብ ምክንያት ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኑቢያውያን ከመንደራቸው ተነሡ። ቤት ተሰጣቸው፤ ወንዙና የአያቶቻቸው መቃብር ግን አብረዋቸው አልሄዱም።

መቅደሱ መዳን አልነበረበትም አልልም። ለድንጋይ ያልሰሰትነውን ጥንቃቄ፣ ተነሺው ሰው ሲሆን ለምን እንሰስታለን?

የኛም ሰፈር ሲፈርስ ካሳ ተከፍሏል። እማዬ ግን ዛሬም ቡና አፍልታ የምትጠራው ጎረቤት የላትም።