የተገጠመ አፍ መልስ ነው ወይ?

እስቲ ጥያቄውን ሳናለሳልስ እናንሳው። የመርሳት በሽታ የጸናባቸው አንዲት እናት አሉ እንበል። ልጃቸው ጥርሳቸውን ልታጸዳላቸው ብሩሽ ይዛ ስትቀርብ አፋቸውን ይገጥማሉ፤ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ባስ ሲልም እጇን ይመታሉ። ልጅቱ ምን ታድርግ? አገጫቸውን ይዛ ታስከፍት? ወይስ «እሺ እማዬ» ብላ ትተወው?

«ይህ የነርሶች ጉዳይ እንጂ የፍልስፍና አይደለም» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ለኔ ግን ነጻነት በሻይ ቤት ከምናነሳው ክርክር ሁሉ ይልቅ የሚፈተነው እዚህች ጠባብ በር ላይ ይመስለኛል። በአማርኛ አፍ እኮ እንዲያው የአካል ክፍል ብቻ አይደለም። የንጉሡ ትልቅ ዳኛ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር፤ የቤታችንም መግቢያ «ደጃፍ» ነው። የሰው ደጃፍ ሳያንኳኩ ዘው የሚል ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

በአንድ በኩል ግዴታ አለ። አፍ ሲቆሽሽ የሚበላሸው ጥርስ ብቻ አይደለም። በጥርስና በድድ ላይ የሚራባው ተሕዋስ ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል፤ በሽታው እየገፋ ሲሄድ መዋጥም ስለሚያስቸግር አደጋው ይብሳል፤ የሳንባ ምች ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የጃፓን ጥናት በ11 የአረጋውያን መጦሪያዎች ለሁለት ዓመት ተከታትሎ፣ አፋቸው በተንከባካቢ ይጸዳላቸው ከነበሩት በሳንባ ምች የታመሙት ከመቶ 11፣ ይህ ካልተደረገላቸው ደግሞ ከመቶ 19 እንደነበሩ አሳይቷል። በዚህ ላይ ብዙ መድኃኒት አፍ ያደርቃል። ሕመሙም ቃል የለውም፦ «ጥርሴን አመመኝ» ማለት የተሳናቸው እናት ሳህኑን ይገፋሉ፣ ይቆጣሉ፤ ቤተሰቡም «ጃጁ» ብሎ ያልፋል። (ይህች «ጃጀ» የምትል ቃል ስንት የጥርስ ሕመም እንደደበቀች እግዜር ይወቀው!)

በሌላ በኩል ፈቃድ አለ። አሜሪካዊው ሮናልድ ድዎርኪን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው አእምሮው ሙሉ ሳለ የወሰነው ከታመመ በኋላ ከሚያሳየው ፍላጎት ይበልጣል ብሎ ተከራከረ። ሬቤካ ድሬሰር በ1995 መለሰችለት፦ አሁን ፊታችን የተቀመጠው ሰው ደስታና ጭንቀትስ የት ሊገባ ነው? እንግዲህ ስለ ጥርስ ብሩሽ የሚናዘዝ ሰው አላየሁም። «ዕድሜ ልካቸውን በወይራ መፋቂያ ሲፍቁ ኖረዋል፤ ልማዳቸው ኑዛዜያቸው ነው» ይባል ይሆናል። መልካም፤ ግን መፋቂያው በገዛ እጃቸው ነበር። የሌላ ሰው እጅ አፋቸው እንዲገባ መቼ ለመዱ?

ለምደዋል እንጂ! ጉርሻስ? በጉርሻ ውስጥ ልመና አለ፣ «በሞቴ!» አለ፣ እውነቱን ለመናገር ግፊትም አለ። ነገር ግን በሞቴ ያለ ሰው መንጋጋ አይፈለቅቅም፤ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ደግሞም ከኋላ መጥቶ የማያውቁትን ሰው የሚያጎርስ የለም።

ስለዚህ የተገጠመ አፍ መልስ ነው፤ የምን ጥያቄ መልስ እንደሆነ ግን መመርመር አለበት። ብዙ ጊዜ «ንጽሕና አልፈልግም» ማለት ሳይሆን «ይህ ወደ ፊቴ የሚመጣው ምንድን ነው? አንቺስ ማነሽ?» ነው። ፍርሃት ነው። ፍርሃት ከሆነ ደግሞ ዘዴ አለው። ከፊት ለፊት፣ በዐይናቸው ልክ ዝቅ ብሎ መቅረብ፤ እንደ ሕፃን አለማባበል፤ በአጭር ቃል መናገር፤ ብሩሹን በእጃቸው አስይዞ የራስን እጅ በላዩ ማድረግ፤ ወይም ጀምሮ ለሳቸው መተው። ስም የረሳ ሰው እጁ የለመደውን ብዙ ጊዜ አይረሳም። ይህን ሳይሞክሩ «እምቢ አሉ» ማለት እምቢታቸውን አለመስማት ነው።

ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ቢሉስ? በኔ ፍርድ ለዛሬ ጠዋት ይቅር፤ ከሰዓት ይሞከር። ድዱ ሲመግልና ትኩሳት ሲነሳ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያን ጊዜ ወደ ሐኪም ይወሰዱ፣ በማደንዘዣም ቢሆን ይታከሙ። ማስገደዳችንን ግን «ፍቅር ነው» ብለን አንሸፋፍነው።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ትዕግሥት የምንጠይቀው ከማን ነው? ብዙ ጊዜ ከአንዲት ሴት ልጅ፣ ወይም ወጥ ጥዳ ከምትሮጥ የቤት ሠራተኛ። መንጋጋ የሚያስይዘው ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ጥድፊያም ነው። ወንድሞቿ የት ሄዱ? ስለ እናት ፍቅር ግጥም እየጻፉ ይሆናል፣ ለዚሁ መጽሔት!

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ውሸቱ። «የንስሐ አባትሽ ሊመጡ ነው፣ አፍሽን እናጽዳ» ብላ ልጅቱ ብትዋሽና እናቲቱ ደስ ብሏቸው ቢከፍቱላት፣ ይህ ከመፈልቀቅ ይሻላል ወይስ ሌላ ዓይነት መፈልቀቅ ነው? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። የምትሟገቱኝ ካላችሁ ለሚቀጥለው እትም ጻፉ።