ሙያ በእጅ ወይስ በልብ?

«ባለሙያ» የሚለውን ቃል አማርኛ ለወንድና ለሴት እኩል አላካፈለም። እሱ ባለሙያ ነው ሲባል ሐኪም ይሆን መሐንዲስ ብለን እንጠይቃለን፤ እሷ ባለሙያ ናት ከተባለ ግን ጨዋታው ወዲያው ወደ ዶሮ ወጡ ይዞራል። ለሁለቱም የተረፈው ደግሞ «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረት ነው፤ ሳይሠሩ አይፎክሩ ለማለት እንጠቀምበታለን። ቃሉን እንዳለ ብንወስደው ግን ከበድ ያለ ጥያቄ ያመጣል። ሙያ በእጅ ካልሆነ በልብ ከሆነ፣ ሦስት ሥራ የቀያየረች ሴት ያላት ሙያ አንድ ነው ወይስ ሦስት?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው የቤተልሔም ጥላሁን የሥራ ታሪክ ነው። ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት በ1997 ዓ.ም. ተወልደው ባደጉበት በአዲስ አበባው ዘነበወርቅ ሰፈር፣ በአያታቸው ግቢ፣ በአምስት ሠራተኛ ጀመሩት። የተማሩት የሒሳብ አያያዝ እንጂ ጫማ ስፌት አልነበረም። መነሻቸው በረባሶ ነው፤ ያረጀ የመኪና ጎማ በቢላ ተቀዶ ሶል የሚሆንበት፣ ገበሬም ወታደርም ታጋይም እግሩን ያዳነበት ጫማ። ሶሉን በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጥጥ ጋር አገናኝተው ውጭ አገር ሸጡት። ቀጥለው ወደ ቆዳ ውጤቶች ገቡ፣ ከጫማው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ወደ ቡና፤ አገር ውስጥ ቆልቶ ወደሚሸጠው ጋርደን ኦፍ ኮፊ።

ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ምን ተሻገረ? እጅ አልተሻገረም። ጎማ መቁረጥ የቡናን አቆላል አያስተምርም። ቡናው መንጣጣት ሲጀምር፣ ጠረኑ ከጥሬነት ወደ መዓዛ ሲዞር፣ ምጣዱ ከእሳት የሚወርድበት ቅጽበት አለ፤ ትንሽ ቢያልፍ ያርራል። ይህን የሚያውቀው የቆላ ብቻ ነው። የተሻገረው፣ እንደሚመስለኝ፣ የትኛው ዕውቀት ያለዋጋው እንደተቀመጠ የማየት ችሎታ ነው። በረባሶ የድህነት ምልክት ነበር። ሸማኔና ቆዳ ፋቂ ሲናቁ የኖሩ ናቸው፤ ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ንቀቱ ሥር ስለሰደደ ነው። ወደ ውጭ የሚላከው ቡናችንም ቢሆን በአብዛኛው ጥሬውን ይወጣና የሚቆላውም ስም የሚወጣለትም ባሕር ማዶ ነው። ዕቃዎቹ አይገናኙም፤ ጉድለታቸው ግን አንድ ነው። ሥራውን የሚያውቀው ሰው እዚህ ነው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላ ቦታ ነው። (እቴጌ ጣይቱ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ነውር በነበረበት ዘመን ሆቴል ሲከፍቱ ያዩት ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም፤ የጓዳን ሙያ አደባባይ አውጥተው ዋጋ ለጠፉበት።)

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚል ይኖራል። ለእጅ ሥራ እውነት ነው፤ ግማሽ ሸማኔ ግማሽ ፋቂ የሆነ ሰው ጥሩ ኩታም ጥሩ ቆዳም አያወጣም። ግን ሦስቱ ዛፎች ከአንድ ሥር የበቀሉ ከሆኑ ተረቱ አይሠራም።

ከዚህ የሚጠነክር ሌላ ተቃውሞ አለ። የምናወራው ስለተሳካላት ሴት ነው፤ ያንኑ አይተው፣ ያንኑ ሞክረው የከሰሩትን ማን ቆጠራቸው? ልክ ነው፤ የአንድ ሰው መሳካት ለሌላው መመሪያ አይሆንም፣ ብድር፣ ዘመድና ዕድልም ድርሻ አላቸው። እኔ ግን ያነሳሁት ማየት ሀብታም ያደርጋል የሚል ክርክር አይደለም። የጠየቅሁት ሥራው ሲቀያየር ሳይቀየር የቀረው ምንድን ነው ብዬ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የከሰረች ሴት ታሪክም እኩል ምስክር ይሆናል። ያየችውን ነገር መክሰሯ ሐሰት አያደርገውም።

የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ሙያው የማን ነው? ጎማውን መቁረጥ፣ ጥጡን መዳመጥና መፍተል፣ ሸማውን መሸመን ያውቁ የነበሩት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ቤተልሔም ያመጡት ስምና ገበያ ነው። ታዲያ «ባለሙያ» የሚለውን ማዕረግ እሳቸው ከወሰዱት ለፈታይዋ ምን ቀረ? ሶልሬብልስ የዓለም አቀፉ ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት ማረጋገጫ ማግኘቱ ከፊል መልስ ነው፤ ቢያንስ ክፍያው በሌላ ዓይን ይታያል። ማየትም ራሱ ሥራ ነው፤ እነዚያ እጆች ለብዙ ዘመን እዚያው ነበሩ፣ ገበያው ግን አላያቸውም። ሆኖም ፈትሉ ጫማ ሆኖ፣ ስም ተለጥፎበት፣ አውሮፕላን ሲሳፈር ያ ስም የድርጅቱ ነው። እንዝርቷን ያሾረችው ሴት በሰፈሯ አሁንም ባለሙያ የምትባለው በዶሮ ወጧ ነው።