የተበተነው የባለቅኔዎች ጉባኤ

ለመሆኑ ውብ የሆነን ነገር ለማቆየት ሲባል መቆራረጥ ይገባልን? ይህ ጥያቄ ደጋግሞ የሚመጣብኝ የጃፓኖችን «የሳታኬ ጥቅል» ባሰብኩ ቁጥር ነው።

ጃፓኖች «ያማቶ ኤ» የሚሉት የቤተ መንግሥት አሳሳል ከግጥም ጋር ተጣምሮ ያደገ ነው። በ13ኛው ምእተ ዓመት የተሣለውና ለረጅም ጊዜ በያዘው መኳንንታዊ ቤተሰብ ስም የሚጠራው ይህ ሥራ ፉጂዋራ ኖ ኪንቶ (966–1041) የመረጣቸውን 36 ባለቅኔዎች በሁለት ጥቅል ወረቀት ላይ ሰብስቦ ነበር። እያንዳንዳቸው ከአጭር ታሪካቸውና ከአንድ ግጥማቸው ጋር ተሥለዋል። በቁንጅናዋ የታወቀችውን ኦኖ ኖ ኮማቺን ሠዓሊው ጀርባዋን አዙሮ ሣላት፤ ፊቷን ለተመልካቹ ሐሳብ ተወው።

እ.ኤ.አ. በ1919 ባለቤቱ ጥቅሎቹን ሊሸጥ ሲነሣ ዋጋውን ብቻውን የሚችል ሀብታም ጠፋ። ማሱዳ ታካሺ የተባለ የጥበብ ወዳጅ ነጋዴ መላ መታ፤ ሥራው 37 ቦታ ተቆራርጦ ገዢዎች በዕጣ ተከፋፈሉት። 37ኛው የሱሚዮሺ ቤተ መቅደስ ሥዕል ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የተወደዱት የሴቶቹ ሥዕሎች ነበሩ።

ለማሱዳ መከራከር አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮን የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት አወደማት፤ በኋላም የጦርነቱ ቦምብ ወረደባት። በአንድ ጎተራ ያለ ሀብት በአንድ ሌሊት ሊነድ ይችላል፤ የተበተነ ግን አብሮ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2019ም በኪዮቶ ብሔራዊ ሙዚየም 31ዱ ቁራጮች ዳግም ተገናኝተው ታይተዋል።

ክርክሩ ግን ልቤን አያሳርፈውም። ንጉሥ ሰሎሞን ሕፃኑ ለሁለት ይከፈል ባለ ጊዜ እውነተኛይቱ እናት የታወቀችው ድርሻዋን በመተዋ ነበር። እዚህ ግን ወዳጅ ነኝ ያለ ሁሉ ድርሻውን ወሰደ። አንዳቸውም የእኔ ባይሆንም ሙሉውን ይቆይ አላለም።

የተቆረጠውስ ወረቀት ብቻ ነበርን? እነዚያ ባለቅኔዎች በሕይወት ሳሉ ሁሉም በአንድነት አልተገናኙም፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ሦስት መቶ ዓመት ያህል አለ። በአንድ ጉባኤ ያስቀመጣቸው ጥቅሉ ነበር። ዛሬ አንዱን ቁራጭ ለብቻው ያየ ሰው ምንም የጎደለ አይመስለውም፤ ቀለሙም፣ ግጥሙም፣ መልኩም አለና። የጎደለው ጎረቤቱ ነው።

ስለዚህ ማሱዳ ባለቅኔዎቹን አተረፈ እላለሁ፤ ጉባኤውን ግን አላተረፈም። ያተረፍነውን ስንቆጥር የበተንነውንም አብረን እንቁጠር።