መልእክተኛና መድፍ



 

ልጆችን ሲራ በማስተምርበት አንድ ምሽት ከተማሪዎቼ አንዱ የጠየቀኝን ጥያቄ ለብቻዬ ይዤው ብቆይ ስለከበደኝ ለእናንተ ላካፍላችሁ ወደድሁ። የሑደይቢያን ውል እየተረክሁ ነበር። ልጁ እጁን አውጥቶ፣ «ኡስታዝ፣ 1400 ሰው ይዘው፣ እውነትም ከእርሳቸው ጋር ሆኖ፣ መካ ደጃፍ ላይ ደርሰው ለምን ተመለሱ?» አለኝ። ልጁ ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ያደገው ግን ተኩስ እየሰማ ነው። እርሱ በሚያውቀው ዓለም ጉልበት ያለው ይገባል፣ ጉልበት የሌለው ይሸሻል፤ ጉልበት እያለው በፈቃዱ የሚመለስ ሰው አላየም።

የለመድነውን መልስ ሰጠሁት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የወጡት ለዑምራ እንጂ ለጦርነት እንዳልነበረ፣ ሰይፋቸውም በሰገባው እንደነበረ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ 10,000 ሆነው መካ እንደገቡ ነገርሁት። አንገቱን ነቀነቀ። እንዳልረካ ግን ፊቱ ይናገር ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም አልረካሁም። ፍጻሜው አማረ ማለት መንገዱ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንምና። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ኃይልና ንግግር፣ ጦርና ድርድር፣ አንዱ ለሌላው ምኑ ነው? ጌታው ነው ወይስ አገልጋዩ?

ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከወገዳ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የወረደ ሰው የበሽሎን ሸለቆ ያገኛል። ከወንዙ ማዶ ወሎ ነው፤ መቅደላም በዚያው ነው። ወደ ምዕራብ ደግሞ ከጉና ባሻገር ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር አጠገብም ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩት በዚህ በጋፋት ነው። ከመድፎቹ ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው ሲሆን ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። መስከረም 1860 ዓ.ል. ሲያልቅ ከደብረ ታቦር ተነሡ። ጋይንትን አቋርጠው፣ በጨጨሆ አልፈው፣ የጅጣን ገደል ወርደው ወጥተው፣ በሽሎን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ሙሉ ማለት ነው። መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየጠረጉ ነበር የሚሄዱት፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። አያቶቻችን በዚያ መድፍ ገመድ ላይ ስንቱ ትከሻ እንደተላጠ አልቆጠሩልንም።

ልብ በሉ፣ የመድፉ ስም ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ሴባስቶፖል በክሪሚያ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ በአንድ ላይ ሆነው ሩሲያን የወጉባት፣ በ1855 እ.ኤ.አ. ከረጅም ከበባ በኋላ የያዟት ከተማ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ከዚያ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1855 ዓ.ል.፣ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። የጻፉትም ወዳጅነት ፈልገው፣ የባሕሩን በር የዘጋባቸውን ቱርክ ለመቋቋም ረዳት ሽተው ነው። ደብዳቤው ስለ እስላም የያዘው ቃል ለእኛ ዓይነቱ አንባቢ የሚጣፍጥ አይደለም፤ ዛሬ ግን በእርሱ ላይ አልከራከርም። ማለት የምፈልገው፣ የቱርክን ወዳጅ በቱርክ ላይ እንዲተባበራቸው መጠየቃቸውን ነው። መድፉን በዚያች ከተማ ስም ጠሩት፤ በዚያች ከተማ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ግን አልመዘኑትም።

ደብዳቤው ለንደን ደረሰና ተቀመጠ። መልስ የሚሰጠው ጠፋ። ንጉሡ ተናደዱ፤ ቢናደዱም አይፈረድባቸውም። ሰላምታ አቅርቦ መልስ ያጣ ሰው መከፋቱ የማይቀር ነው፤ ንጉሥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ይሁንና በ1856 ደብዳቤውን የላኩበትን ቆንሲል ካሜሮንን በሰንሰለት አሰሩት። በጥር 1858 የንግሥቲቱ መልስ ሆርሙዝድ ራሳም በተባለ የሞሱል ተወላጅ እጅ መጣ። ከሦስት ዓመት በላይ ዘግይቶ መሆኑ ነው። እስረኞቹ ተፈቱ፤ ብዙም ሳይቆይ መልሰው ታሰሩ፤ መልእክተኛው ራሳምም አብሮ ታሰረ።

ውድ አንባቢያን! ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። መድፍ ማሠራታቸው ጥፋት አልነበረም። የአንፋል ምዕራፍ 60ኛው አንቀጽ የምንችለውን ያህል ኃይል እንድናዘጋጅ ያዘናል። ወዲያው ተከትሎት የሚመጣው 61ኛው ደግሞ ጠላት ወደ ሰላም ካዘነበለ እኛም እንድናዘነብል ያዛል። ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ብዙ ሰው አያስተውልም። አንዱ አንደኛውን ብቻ ያነባል፣ ሌላው ሁለተኛውን ብቻ። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ግን መልእክተኛ ነው። መልእክተኛ ከታሰረ ወይም ከተገደለ በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ፈርሷል ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሐሰተኛው የሙሰይሊማ መልእክተኞች መጥተው የክህደት ቃል ሲናገሩ እንኳ፣ መልእክተኛ የማይገደል ባይሆን ኖሮ የሚገባቸው ሌላ እንደነበር ገልጸው በሰላም ሰደዋቸዋል።

በሑደይቢያም የሆነው ይኸው ነው፤ ከተማሪዬ ጋር ሳወራ ረስቼው የነበረ ነገር ነው። ዑስማን (ረ.ዐ.) በመልእክተኛነት ወደ መካ ተልከው ሲዘገዩ ተገደሉ የሚል ወሬ ተሰማ። ለድርድር የተቀመጡት ነቢይ በዛፉ ሥር ሶሓቦቹን ቃል ኪዳን ያስገቡት ያን ጊዜ ነው። ለዑምራ የወጣው ሰው፣ ከሰይፉ በቀር መሣሪያ ያልያዘው ሰው፣ እስከ ሞት ለመታገል እጁን ዘረጋ። ለምን? መልእክተኛ ተነካ ተብሎ ነዋ! ወሬው ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ወደ ድርድሩ ተመለሱ። እንግዲህ ለተማሪዬ ልነግረው የሚገባኝ ይህ ነበር፦ የተመለሱት መዋጋት የማይችሉ ወይም የማይፈልጉ ሆነው አይደለም። ለመሞት ቃል ገብተው፣ በዚያው ሰሞን «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው ቃል ከውሉ ላይ እንዲፋቅ የፈቀዱ ናቸው።

ወደ መቅደላ ልመለስ። እንግሊዞች መልእክተኞቻቸውን ለማስፈታት ጄኔራል ናፒየርን 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች አስይዘው ከቦምቤይ ላኩ። ይህን ሁሉ ኃይል ይዞ ከዙላ እስከ በሽሎ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ አንድም ውጊያ አልገጠመውም። ለምን ቢባል፣ በየደረሰበት ይነጋገር ስለነበር ነው። በትግራይ ከካሳ ጋር (በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ከሆኑት) ተገናኝቶ ተስማማ፤ ዋግሹም ጎበዜም አልተቃወሙትም፤ በወሎ ደግሞ ከወይዘሮ ወርቂትና ከወይዘሮ መስተዋት ጋር ተላላከ። ለአገሬው የሚለው እስረኞቼን አስፈትቼ እመለሳለሁ ነበር። ወዳጅ የሌለው ባለ መድፍና ወዳጅ ያበጀ ባለ መድፍ ተገናኙ ማለት ነው።

ወይዘሮ ወርቂትን ባንዳ ብለው የሚወቅሱ አሉ። እኔ ለመፍረድ አልደፍርም። በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በእርሷ አገር በኩል ሲያልፉ በሰላም ስለሸኘቻቸው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በእጃቸው በመያዣነት የነበረውን ልጇን ገደሉባት። መያዣ ማለት አደራ ነው። አደራ የተበላባት እናት ባዕድ ጦር ሲመጣ በሩን ብትከፍት ስሕተቷ ስንት ነው፣ ሕመሟስ ስንት ነው? ወሎዬዎቹ ሙስሊሞች በንጉሡ ዘመን ያዩትን መከራ የሚያውቅ ሰው ፍርዱን ቀስ ብሎ ይሰጣል። ሆኖም የባዕዱ ጦር የመጣው ለእርሷ አዝኖ እንዳልነበረም መዘንጋት የለበትም። ሲመለስ የመቅደላን መጻሕፍትና ንዋያት በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ፣ ሕፃኑን ዓለማየሁንም ይዞ ሄዷል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው አለቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። ያ ስድስት ወር የተጎተተው መድፍ አንዳች አልፈየደም። ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን አስተውሉ። ንጉሡ እስረኞቹን ለቀቁ፤ ላሞችና በጎችም ለናፒየር ላኩ። በአገራችን ባህል ከብቱን የተቀበለ ታረቀ ማለት ነው። መጀመሪያ የተቀበሉት መስሏቸው ደስ አላቸው። ኋላ ስጦታው እንዳልተወሰደ ሲሰሙ ዕርቅ እንደሌለ ገባቸው። ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ሲደፈር፣ ቀድሞ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር የነምል ምዕራፍ ትዝ ይለኛል። የሰበእ ንግሥት የሱለይማን (ዐ.ሰ.) ደብዳቤ ሲደርሳት መኳንንቷን ሰብስባ አማከረች። እነርሱ ኃይልና ብርቱ ክንድ እንዳላቸው አስታወሷት፤ ውሳኔውን ግን ለእርሷ ተዉት። እርሷ ነገሥታት ወደ አንድ ከተማ ሲገቡ ከተማይቱን እንደሚያበላሹ፣ የተከበሩ ነዋሪዎቿንም እንደሚያዋርዱ ተናገረች፤ ከዚያም ስጦታ ሰደደች። ሱለይማንም ስጦታውን መለሱ፤ የማይቋቋሙት ሠራዊት እንደሚልኩም አስጠነቀቁ። ታዲያ በዚያ ታሪክ የተመለሰ ስጦታ አለ፣ የጦር ማስፈራሪያም አለ፤ ደም ግን የለም። ሱለይማን የጠሯት ወደ አላህ ነበር፤ መንግሥቷን ሊቀሟት አልነበረም። መልእክተኞቿም በሰላም ተመለሱላት። እርሷም ጦር የያዘ ሁሉ በምን እንደሚጨርስ ስለምታውቅ፣ መኳንንቷ በኩራት ሲናገሩ አልተወሰደችም። የቤት እመቤቶች ይህን ምዕራፍ ለልጆቻቸው ቢያነቡ ምንኛ በወደድሁ።

ወደ ራሳችን ዘመን ስመጣ ብዕሬ ይከብደኛል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ በተፈረመ ስምምነት ቆመ። በነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ በታጣቂዎች እጅ በነበረችባቸው ቀናት በሴቶቻችን ላይ የደረሰው ግፍ በዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ድርጅት ተመዝግቧል። በትግራይም፣ በአፋርም፣ በወሎም እንዲሁ ብዙ ግፍ ተመዝግቧል። መጨረሻ ላይ የተቀመጡበት ጠረጴዛ መጀመሪያም ነበረ። በ2015 ክረምት ደግሞ በክልላችን በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ሌላ ውጊያ ተነሣ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ይህችን ጥያቄ የጠየቀኝ ልጅ መደበኛ ትምህርቱን ያቋረጠው በዚያ ጊዜ ነው።

ድርድር ይሻላል ማለት ቀላል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። በሑደይቢያ ውሉ ሳይደርቅ አቡ ጀንደል (ረ.ዐ.) እግሩ በሰንሰለት እንደታሰረ ከመካ አምልጦ ደረሰ። ከነቢዩ ጋር የሚዋዋለው የቁረይሽ ተደራዳሪ ሱሀይል የገዛ አባቱ ነበር። ልጄን መልሱልኝ አለ። መለሱለት። ልጁ ወደሚያሰቃዩኝ ልትመልሱኝ ነውን እያለ ይጮኽ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) ያን ቀን የተሰማቸውን ሕመም ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም። ከነፋስ መውጫ ሴቶች መካከል በፕሪቶሪያ ስምምነት ልቧ ያላረፈ ብትኖር፣ እምነትሽ ጎድሏል የሚላት ሰው ዑመርንም እንዲሁ ሊል ነው።

በሚቀጥለው ምሽት ልጁን ጠርቼ ስለ ዑስማንና ስለ ዛፉ ቃል ኪዳን ነገርሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «አቡ ጀንደልስ?» አለኝ። አቡ በሲር የተባለ ሶሓባ እንደ እርሱ ተመልሶ ከተሰጠ በኋላ አምልጦ በባሕሩ ዳር እንደሰፈረ፣ አቡ ጀንደልም አምልጦ እንደተቀላቀለው፣ የቁረይሽን ነጋዴዎች መንገድ ስለዘጉባቸው ቁረይሾች ራሳቸው ያንን አንቀጽ ሰርዙልን ብለው ወደ መዲና እንደላኩ ነገርሁት። ልጁ ሣቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «እስከዚያ ድረስስ ሰንሰለቱ ላይ ነበር?» አለኝ።

አዎ፣ አልሁት።

ወላሁ አዕለም።