ማየትን ስለ መማር

ሰው በእምነት ይለወጣል ሲባል የሚለወጠው ምኑ ነው? ጠባዩ ነውን፣ ሥራው ነውን፣ ወይስ የሚያይበት ዓይን? ይህን ለመፍታት ከዋጃ ሜዳ ምሳሌ እናምጣ።

በክረምት ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ራያ ቆላ ሲደርስ፣ አገሩን የማያውቅ መንገደኛ ጥፋት ብቻ ያይበታል፤ ድንጋይ እያንከባለለ ዳርቻውን እየናደ የሚመጣ ነውና አይፈረድበትም። የአገሩ ገበሬ ግን በዚያው ውሃ ውስጥ ማሽላውን ያያል። አስቀድሞ በአፈር፣ በጭራሮና በድንጋይ ክትር ሠርቶ ጎርፉን ጠልፎ ወደ እርሻው ያገባዋል። የተለወጠው የጎርፉ መንገድ ነው እንጂ ኃይሉ አይደለም። ገበሬውም ጎርፉን አያቃልለውም፤ ክትሩ ቢሰበር ማሳውን እንደሚወስድበት ከመንገደኛው ይልቅ ያውቃል።

በሐዋርያት ሥራ 9ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የሳውል ነገር ይህን ይመስላል። በደማስቆ ሦስት ቀን ሳያይ ከቆየ በኋላ ዓይኑ ተከፈተ፤ ብዙዎቻችንም ይህን እናደንቃለን። ነገር ግን በዚያ ቀን ማየትን የተማረው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ሐናንያም ነው እንጂ። ስለ ምን ቢሉ፣ ሳውል የመጣው እንደ ሐናንያ ያሉትን አስሮ ሊወስድ ነበርና። ሐናንያ የሰማውን ክፉ ሥራ በጌታው ፊት አልሸሸገም፤ ከተናገረም በኋላ ሄዶ እጁን ጫነበት፤ በወንድምነትም ስም ጠራው። እንግዲህ የአሳዳጁ ዓይን የተከፈተው በተሳዳጁ እጅ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሆነው ጦርነት ሠራዊት በራያ ሜዳ ተመላልሷል፤ በአንድ ገበያ የሚውል ጎረቤትም የሚተያይበት ዓይን ደፈረሰ። ሐዘን ለደረሰበት ሰው «ይቅር በል» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። በደልን አላየሁም ማለት ግን ዕውርነት ነው እንጂ እምነት አይደለም፤ ፍርድም በዳኛ ፊት ስፍራውን ይያዝ። እምነት የሚጠይቀው በደሉን በስሙ እየጠሩ፣ በደለኛውን በበደሉ ስም ብቻ አለመጥራትን ነው።

እንደ ሳውል በድንገት የሚያይ ጥቂት ነው። ለብዙዎቻችን ይህ ዓይን እንደ ክትሩ ጥቂት በጥቂት፣ በጾም፣ በጸሎትና ከተጣሉት ጋር በአንድ ማዕድ በመቀመጥ የሚሠራ ነው። ጎርፍ ከደረሰ በኋላ ክትር መሥራት አይቻልምና፣ ተራራው ሳይደምን እንነሣ።